ከኪኒኑ ነው ወይስ ከእኔ?

ኡሙሰልማን የዋሸኋቸው ሆን ብዬ ነው። ተሳስቼ፣ ተቻኩዬ፣ ሥራ በዝቶብኝ የሚባል ነገር የለም። ፊት ለፊቴ ተቀምጠው አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ፤ እኔም ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ ዋሸኋቸው። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ ራሱን እየነቀነቀ «ለእሳቸው ብለሽ እኮ ነው» ይለኛል። አትበሉኝ። እንዲህ የሚለኝ ሰው ደሜን ያፈላዋል።

ያኔ ሮቤ ከተማ በአንድ ክሊኒክ ነርስ ነበርኩ። የመንዝ ልጅ ነኝ፤ ወሰንየለሽ እባላለሁ፤ መንግሥት ባሌ መድቦኝ ስድስት ዓመት ሞልቶኝ ነበር። ኦሮምኛውን ለምጄዋለሁ፣ ብርዱንም ለምጄዋለሁ። ከተማው ውስጥ «ክፉዋ ሲስተር» ይሉኛል። ስሙን አልጠላሁትም። መርፌ የሚፈራ ገበሬን ጨምድጄ ስወጋ፣ መድኃኒት ያቋረጠን በሰው ፊት ሳዋርድ፣ ክፉ መባሌ ሥራዬን ያቀልልኝ ነበር።

ኡሙሰልማ ወደ እኔ የመጡት በ1978 መስከረም ላይ ነው። ዕድሜያቸው ስልሳ አምስት ገደማ ይሆናል። አዲስ አበባ ሄደው ግራ ጡታቸው ካንሰር ሆኖ በቀዶ ሕክምና ወጥቶ፣ ቁስሉ ደርቆ፣ ከልጃቸው ከጁሀራ ጋር መመለሳቸው ነበር። ጁሀራ ባሏ የሞተባት፣ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የምትሸጥ ቀልጣፋ ሴት ናት። አንድ ካርቶን ኪኒንና ቀዶ ሐኪሙ የጻፈውን ደብዳቤ ሰጠችኝ። ኪኒኑ ታሞክሲፊን ይባላል። የእሳቸው ዓይነት ካንሰር የሚያድገው የሴት ሆርሞን እየተመገበ ነው፤ ኪኒኑ ያንን ምግቡን ይዘጋበታል። በሽታው እንዳይመለስ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለሁለት ዓመት መዋጥ አለበት።

ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ነው። መጨረሻው ላይ የኪኒኑን ጉዳት ይዘረዝራል፤ ድንገት የሚመጣ ሙቀት፣ እግር ውስጥ ደም መርጋት፣ በዚህ ዕድሜ የማይጠበቅ የማህፀን ደም። «ደም ከታየ ሳይውል ሳያድር ይላኩልኝ፤ መርምሬያቸው፣ ኪኒኑን መቀጠል አለመቀጠሉን አብረን እንወስናለን» ይላል። አንብቤ አጠፍኩትና መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩት።

«ምን ይላል?» አለችኝ ጁሀራ።

«ሙቀት ሙቀት ሊላቸው ይችላል ይላል። ሌላ የለም።»

እንዲህ ማድረግ የጀመርኩት በአንድ የገሰራ ገበሬ ምክንያት ነው። ባዳሳ ይባላል፤ የሳንባ ነቀርሳ ነበረበት። የመርፌውን ጉዳት አንድ በአንድ ነገርኩት፤ ጆሮህ ሊጮህ ይችላል፣ ሊያዞርህ ይችላል አልኩት። በሦስተኛው ሳምንት ጆሮው ጮኸ፤ ቀረ። ክረምቱ ሳይወጣ ሞተ። ሚስቱ ክሊኒክ ድረስ መጥታ «የጆሮውን ባትነግሪው ኖሮ ይጨርስልኝ ነበር» ብላ አለቀሰችብኝ። ከዚያ ወዲህ ለራሴ ሕግ አወጣሁ። የመድኃኒቱን ጥቅም እናገራለሁ፣ ጉዳቱን እኔ እይዘዋለሁ። በዚህ ሕግ ስንት ሰው እንዳዳንኩ እግዜር ያውቃል፤ ኩራቴም ከዚያ ነው የመጣው።

ካርቶኑን እኔው ዘንድ አስቀረሁት። የሮቤ ሰው ኪኒን እንደ ጨው ነው የሚዋዋሰው፤ ለአንዷ ወገብ የታዘዘው ለጎረቤቷ ራስ ምታት ይሰጣል። ስለዚህ ኡሙሰልማ ሐሙስ ሐሙስ እየመጡ የሳምንታቸውን በፖስታ ይወስዱ ነበር።

ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ምላሳቸው የማያርፍ ሴትዮ ነበሩ። እንደ አገሩ ልማድ «አዮ» እላቸዋለሁ፤ እናቴ ማለት ነው። እሳቸው ደግሞ ሲደሰቱብኝ «ኢንተለ ኮ» ይሉኛል፣ ልጄ፤ ሲናደዱ «ሲስተር» ይሉኛል። ሙቀቱ በጀመራቸው ሰሞን፣ ሰው ሁሉ ጋቢ ደርቦ በሚንቀጠቀጥበት ጠዋት፣ ሻሻቸውን አውልቀው በሱ እያራገቡ ገቡ።

«ሲስተር፣ ሮቤ ቁጭ ባልኩበት ደሎ መና ቆላ አወረድሽኝ!» አሉኝ። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ሐሙስን የመረጡት እሳቸው ናቸው፤ ሐሙስ ይጾማሉ። ሴት ልጅ በወር አበባዋና በአራስነቷ ጊዜ አትሰግድም፣ አትጾምም። ያለፋት ሶላት ይቀርላታል፤ ያለፋትን የረመዳን ጾም ግን በሌላ ቀን መመለስ አለባት። ቀዷ ይሉታል። ኡሙሰልማ ዘጠኝ ልጅ ወልደው፣ ከአራስነት አራስነት ሲሻገሩ ያስቀሩት ጾም ከሰባት መቶ ቀን በላይ ነበር። የወር አበባቸው ከቆመ ጀምሮ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሐሙስ ሐሙስ እየጾሙ ሲመልሱት ኖረዋል። ወደ እኔ ሲመጡ ስልሳ ቀን ቀርቷቸው ነበር። በየሳምንቱ ፖስታቸውን ሲቀበሉ ቁጥሩን ይነግሩኛል። «ሃምሳ ሁለት ቀረኝ። ይሄን ጨርሼ ልሙት እንጂ ሌላ ከዱንያ የምፈልገው የለኝም።» ካንሰሩን የፈሩት፣ ኪኒኑን የወደዱት በዚህ ምክንያት ነው። ቀን እንዲሰጣቸው ነበር የፈለጉት።

ጥር ውስጥ፣ ቁጥሩ አርባ አንድ ሲደርስ፣ አንድ ሐሙስ መጥተው ጁሀራን ውጭ አስቀሯት። በሩን ራሳቸው ዘጉ። ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ሻሻቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። እንዲህ ሲያፍሩ አይቻቸው አላውቅም።

«ደም መጣብኝ» አሉ። «የሴት ደም። ዛሬ አልጾምኩም። ከሰኞ ጀምሮም አልሰገድኩም።»

ፖስታቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«ኢንተለ ኮ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ። ከኪኒኑ ነው ወይስ ከእኔ?»

«ለምን ጠየቁኝ?»

«ከኪኒኑ ከሆነ እተወዋለሁ። ጡቴን ወሰዱት፤ አልሐምዱሊላህ አልኩ። ሙቀቱንም ቻልኩት። ሶላቴንና ጾሜን ግን ለኪኒን አልሰጥም። ከእኔ ከሆነ የአላህ ሥራ ነው፤ ዝም ብዬ እውጣለሁ።»

የምመርጠው ከሁለት አንዱን ነበር። እውነቱን ብናገር ኪኒኑን ይተዋሉ፤ ካንሰሩ ይመለሳል። ብዋሽ ይኖራሉ። ባዳሳ ትዝ አለኝ። አንዲት አሮጊት ለጥቂት ወራት ባትሰግድ ምን ትሆናለች? በሕይወት መኖር አይሻልም? እንዲህ ብዬ አመዛዘንኩ። ጡቱ የእሳቸው፣ ደሙ የእሳቸው፣ ጾሙ የእሳቸው፤ መዛኟ ግን እኔ።

«ከእርስዎ ነው» አልኳቸው። «አንዳንድ ሴት ላይ በስተርጅና ይመለሳል።»

«በስልሳ አምስት?»

«በሰባም አይቻለሁ።»

ይቺን ሁለተኛዋን ውሸት ያለ ጥያቄ ነው የጨመርኩት፣ ለማጠንከር። «እሺ፤ እሱ ያመጣውን» አሉና ፖስታውን ተቀበሉ። ሲወጡ እጄን ሳሙኝ። ሐኪሙ በደብዳቤው ላኩልኝ ማለቱን ረስቼው አይደለም። ከላክኋቸው እሱ እውነቱን ይነግራቸዋል፤ ስለዚህ አልላክኋቸውም።

ደሙ ይሄዳል ይመጣል። ቆመልኝ ብለው ታጥበው፣ ንጹሕ ልብስ ለብሰው ለሶላት ሲቆሙ ይመለሳል። ሼህ እንዳይጠይቁ ደግሞ ነገሩ አሳፋሪ ነው፤ በዚያ ላይ ምን ይጠይቃሉ? የተማረችው ሲስተር የሴት ደም ነው ብላ ጨርሳዋለች። ዓርብ ዓርብ የሰፈሩ ሴቶች ተሰብስበው ዱዓ ሲያደርጉ መሪያቸው እሳቸው ነበሩ፤ ያንንም ተዉት። ሴቶቹ መጀመሪያ ታመው መስሏቸው ጠየቋቸው። ኋላ አንዷ ነገሩን ሰማች፤ ከዚያማ ማን ይችላቸዋል! «አያትየው ልታገባ ነው እንዴ?» እየተባባሉ ውሃ ቧንቧው ጋ መሳቂያ አደረጓቸው።

ግንቦት ላይ ረመዳን ገባ። በአሥራ አራት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ኡሙሰልማ ረመዳንን በሉ። ጁሀራ አንድ ቀን ክሊኒክ መጥታ እየተንሰቀሰቀች ነገረችኝ።

«ጓዳ ገብታ፣ በሩን ቀርቅራ ነው የምትበላው። ልጆቼ እንዳያዩዋት። ትናንት ትንሿ ልጄ በሩን ገፍታ ገባችባት። እናቴ ቂጣውን ቀሚሷ ውስጥ ደበቀችው፤ ሲስተር፣ እንደ ሌባ!»

«ኪኒናቸውን ይውጣሉ?» አልኳት።

«ትውጣለች።»

«ዋናው እሱ ነው።»

ጁሀራ ዓይኗን ጠርጋ አየችኝ። ልነግራት የምችልበት ጊዜ ያ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚበቃው። ነገር ግን ኡሙሰልማን በየወሩ ስመረምራቸው ጠባሳው ለስላሳ፣ ብብታቸው እብጠት የሌለበት ሆኖ አገኘው ነበር። አሸንፌያለሁ ብዬ ነበር። እውነቱን ለመናገር በጠባሳው እንደ ራሴ ሥራ ነበር የምኮራው።

«አዩ? ንጹሕ ነው» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ንጹሕ ነው ትያለሽ። እኔ ግን ንጹሕ ሆኜ የዋልኩበትን ቀን ረሳሁት» አሉኝ። ረመዳን ሠላሳ ቀን ጨምሮባቸው፣ አርባ አንድ የነበረው ሰባ አንድ ደርሶ ነበር። ቁጥሩን ራሳቸው አልነገሩኝም፤ መንገሩን ትተውት ነበር። የደመርኩት እኔ ነኝ።

ነሐሴ ላይ ለካድሬ ትምህርት ተመልምዬ ሦስት ሳምንት አጋርፋ ከረምኩ። ቁልፌን ፀጋዬ ለሚባል ጤና ረዳት አስረከብኩት፤ ከአርሲ የመጣ፣ ሁሉን ነገር እንደ መጽሐፉ የሚሠራ ሰው ነው። ኡሙሰልማ ሐሙስ ቀን ሲመጡ ፖስታ ከመስጠቱ በፊት መሳቢያዬን ከፍቶ ደብዳቤውን አነበበ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ ምንም ሳይመስለው፣ «እናቴ፣ ይሄ ኪኒን ደም ያመጣል ይላል፤ አይተዋል?» አላቸው።

ስመለስ በር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኛል። ሐሙስ አልነበረም። ተከትለውኝ ገቡ፤ በሩን አልዘጉትም።

«ሲስተር፣ ነጋ ጅርታ፣ ደህና ከረምሽ? አጋርፋ እንዴት ነበር?»

«ደህና ነበር፣ አዮ።»

«ፀጋዬ ደብዳቤውን አነበበልኝ።»

ተቀመጥኩ።

«ከዚህ ወጥቼ በቀጥታ ሼህ መሀመድአወል ዘንድ ሄድኩ። መሬት መሬት እያየሁ ነገርኳቸው። ምን አሉኝ መሰለሽ? ‹ይሄ የበሽታ ደም ነው። ታጥበሽ፣ ጨርቅሽን አስረሽ፣ ለየሶላቱ ውዱእ አድርገሽ ስገጂ። ጹሚም። ማን ከለከለሽ?› አሉኝ። ማን ከለከለሽ አሉኝ፣ ሲስተር! ኪኒኑንም መተው አልነበረብኝም። እየዋጥኩ ልሰግድ፣ እየዋጥኩ ልጾም እችል ነበር። ሰባት ወር! ረመዳኑን በጓዳ በላሁት።»

እኔ ጅሏ ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፤ የመጀመሪያው ስሜቴ ደስታ ነበር። ነገሩ ሁሉ የተፈታ መሰለኝ። ዘልዬ ተነሥቼ ካርቶኑን ከፈትኩና የሳምንቱን ቆጥሬ በፖስታ ዘረጋሁላቸው። «ታዲያ ጥሩ ነዋ፣ አዮ! አሁን እየዋጡ ይሰግዳሉ» አልኳቸው።

ፖስታውን አዩት። እጃቸውን አላነሡም።

«ከአንቺ እጅ?»

«ከፀጋዬ ይውሰዱ።»

«ፀጋዬም የሚያወጣው ከአንቺ ካርቶን ነው። እግሬ ቢያብጥ ምን ልትዪኝ ነበር? እሱም እርጅና ነው?»

የዚያን ጊዜ ሁሉንም ዘረገፍኩት። የእግሩን ደም መርጋት፣ የማህፀኑን፣ ሐኪሙ ላኩልኝ ማለቱን፣ ኪኒኑ ከቆመ ካንሰሩ ሊመለስ እንደሚችል። አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

«ካንሰሩ ይመለሳል ያልሽውስ እውነት ነው ወይስ እንዳልተው ነው?» አሉ።

«እውነት ነው!»

«‹በሰባም አይቻለሁ› ስትዪኝም ፊትሽ ልክ እንደዚህ ነበር» አሉና ወጡ።

ጁሀራ ለመነቻቸው። ጎባ ሆስፒታል እንሂድ፣ አዲስ አበባ ቀዶ ሐኪሙ ዘንድ እንሂድ ብትላቸው «ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ የእሷ ዘመድ ነው» አሏት። ካርቶኑን ሰጥቻት እንኳ ቤት ስታደርሰው አንድም ኪኒን ሳያስተርፉ ጉድጓድ ሽንት ቤት ደፉት። እኔም ሁለት ጊዜ ሄድኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ ሶላት ላይ ናት ተባልኩ። ደሙ በወሩ ቆመ። ሰባ አንዱን ለመጨረስ ከመስከረም ጀምሮ ሰኞና ሐሙስ ይጾሙ ጀመር። የሰፈሩ ሴቶችም ነገሩን ሲሰሙ አፍረው ይቅርታ ጠየቋቸው፤ እሳቸውም የዓርቡን ዱዓ እንደገና መሩላቸው።

ታኅሣሥ ላይ ወገባቸውን ያማቸው ጀመር። ጁሀራ ከእንጨት ማንሣት ነው ብላ ነበር። እኔ ስሰማ ምን እንደሆነ ገባኝ። ጥር ሲጋመስ መቆም አቃታቸው፣ ጾሙም ቆመ፤ ሠላሳ ሦስት ቀን ቀርቷቸው ነበር። እውነቱን በጠየቁኝ ቀን ብነግራቸው ኖሮ ያኔውኑ ሼሁን ጠይቀው፣ አርባ አንዱ ዓመት ሳይሞላ አልቆ፣ ረመዳናቸውን በሰው ፊት ጾመው፣ ኪኒኑንም ይውጡ ነበር። ይህን ስሌት እስካሁን አላቆምኩትም።

የካቲት ላይ ሊሞቱ እንደሆነ ከተማው አወቀ። በባሌ ሙስሊሞች ዘንድ ሞት የቀረበበት ሰው ዘንድ የበደለው ሁሉ ይሄዳል፤ «አውፍ በሉኝ» ይላል፣ ይቅር በሉኝ። ታማሚው «አውፍ ብያለሁ» ካለ ነገሩ እዚያው ያበቃል። እኔም ነጠላዬን ለብሼ ሄድኩ። ጋዋኔን ማድረግ አፈርኩ።

ቤቱ ሞልቷል። ሼህ መሀመድአወል ራስጌያቸው ተቀምጠዋል። ከእኔ በፊት የገባው የቀበሌው ሊቀመንበር ተሰማ ነበር። የመጨረሻ ልጃቸውን ኢዶሳን ከገበያ አስይዞ ወደ ሰሜን ጦርነት የላከው እሱ ነው፤ ልጁ አልተመለሰም። ይህን ሰው ቤታቸው ሲያዩ ያስወጡታል ብዬ ነበር። ተሰማ ባርኔጣውን አውልቆ ተንበረከከ።

«አውፍ ይበሉኝ፣ እማማ» አለ።

ጁሀራ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

«አውፍ ብያለሁ» አሉት። «ሂድ።»

ተሰማ እያለቀሰ ተነሣ። ለልጃቸው ገዳይ እንዲህ ካሉ ለእኔማ አይከብዳቸውም ብዬ ልቤ ተረጋጋ። ተንበረከክሁና እጃቸውን ያዝኩ። አጥንት ብቻ ሆኗል።

«አዮ፣ አውፍ ይበሉኝ» አልኩ።

እጃቸውን ቀስ ብለው ከእጄ አወጡ። ወደ ሼሁ ዞሩ።

«ሼህ፣ አውፍ ማለት ግዴታ አለብኝ?»

ሼሁ ደነገጡ። እንዲህ ተብለው ተጠይቀው የሚያውቁ አይመስለኝም። ጢማቸውን ይዘው አሰቡና «ግዴታስ የለብሽም» አሉ። «ያለ ሰው ግን አላህ ዘንድ ትልቅ ምንዳ አለው።»

«አንቺ ያልሽኝን ሌላ ሰው ሳልጠይቅ ዝም ብዬ ስቀበል ነበር» አሉኝ ወደ እኔ ዞረው። «አሁን መጠየቅ ለምጃለሁ። ግዴታ ካልሆነ አልልም።»

«ሕይወትዎን ላተርፍ ብዬ ነው!» አልኩ። ጮኼ ነው ያልኩት። በሞት አልጋ ላይ ባለች ሴት ላይ ጮህኩ።

«ዕድሜውን ለምን እንደፈለግኩት ታውቂ ነበር» አሉ። «በየሐሙሱ ነግሬሻለሁ።»

ጁሀራ ክንዴን ይዛ አስነሣችኝ። አልገፈተረችኝም፤ በሩ ድረስ ሸኘችኝ። ሠላሳ ሦስቱን ቀን እሷ እንደምትጾምላቸው ነገረችኝ፤ ልጅ ለእናቷ መጾም እንደምትችል ሼሁ ነግረዋታል። እኔስ ምን ላድርግ ብዬ ጠየቅኋት። ምንም አለችኝ።

ከዚያ በኋላ አምስት ቀን ኖሩ። አምስቱንም ቀን እየሄድኩ ጠየቅኋቸው። አምስቱንም ቀን አውፍ አላሉኝም።